ጋሽ ቀስ በሉ ከተማቸውን ሊጎበኙ የወጡ ዕለት

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ የጉብኝት አውቶቡስ ቲኬት መሸጫው መስኮት ላይ ቀረቡ። ቲኬት ሻጯ ልጅ ከአነጋገራቸው የከተማው ሰው መሆናቸውን ስላወቀች ተሳስተው የመጡ መሰላት፤ የከተማ አውቶቡስ የሚቆመው ከመንገዱ ማዶ እንደሆነ በጣቷ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ዞረው አላዩም።

«እሱንስ አውቀዋለሁ ልጄ» አሉ። «እኔ የመጣሁት ለጉብኝቱ ነው።»

ልጅቷ ይኼ አውቶቡስ ከውጭ አገርና ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ እንግዳ መሆኑን በትሕትና ልታስረዳቸው ሞከረች። እሳቸውም በትሕትና እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ ከዚያ እኔም እንግዳ ነኝ ብለው ቲኬታቸውን ተቀብለው ሄዱ።

አስጎብኚዋ ይህን ሁሉ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ሰምታለች፤ ልቧ ግን እዚያ አልነበረም። ድምፅ ማጉያው እየተንኮሻኮሸ አስቸግሯት ከሽቦው ጋር ግብ ግብ ገጥማ ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነው፤ በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች። ባቡር ጣቢያውን፣ የሰማዕታት ሐውልቱን፣ የድሮውን ቤተ መንግሥት ሙዚየም፣ ታላቁን መስጊድ፣ ካቴድራሉን፣ በመጨረሻም ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን ኮረብታ በግማሽ ቀን ታዳርሳለች። የእያንዳንዱ ሕንፃ ዓመተ ምሕረት፣ የደወሉ ክብደት፣ የምሰሶው ቁጥር ከአፏ ሳይደናቀፍ ነው የሚወርደው። ሰዓት በማክበርም አትታማም። አለቃዋ አዲስ ለሚቀጠሩት ሁሉ ከእሷ ተማሩ ይላቸው ነበር።

ሽማግሌው ወደ አውቶቡሱ ሲመጡ ሾፌሩ አያቸውና ከወንበሩ ዘሎ ወረደ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ለማንም የማይነሳ ሰው ነው። እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ትከሻቸውን ሳመ፤ «ጋሽ ቀስ በሉ!» ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። ጥቂት ተጨዋወቱ። አስጎብኚዋ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነበር። ሁለት ደቂቃ ዘግይተዋል።

መንገደኞቹ ከሽማግሌው ጋር አሥራ አንድ ነበሩ። ባቡር ጣቢያው ጋ ወረዱ፣ ሐውልቱን ዞሩ፣ ሙዚየሙን አዩ። ሽማግሌው ሁልጊዜ ከኋላ ነበሩ፤ አይጠይቁም፣ ፎቶ አያነሱም። አስጎብኚዋም ብዙ ልብ አላለቻቸውም፤ በዚህ ሥራ ላይ ዝም የሚል ሰው በረከት ነው።

መስጊዱ ጋ ግን አስቸገሯት። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ስለ ጉልላቱ የምትለውን አለች፣ ሰዉ ወጥቶ ጫማውን አጠለቀ። ሽማግሌው የሉም። ስትመለስ ከኋለኛው ምሰሶ ሥር እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል፤ ጫማ ጠባቂው አዛውንት አጠገባቸው ጎንበስ ብለው ያዳምጧቸዋል።

«አባባ፣ ሰው እየጠበቀን ነው» አለች።

«ትንሽ ደቂቃ ልጄ።»

«ጊዜ የለንማ።»

ቃሉ ካሰበችው በላይ ደርቆ ወጣ። ሽማግሌው ይቅርታ ጠይቀው ተነሡ። በሩ ላይ የጫማቸውን ክር ለማሰር ጎንበስ ሲሉ ክሩ አልያዝ አላቸው። እሷ ከፊታቸው ቆማ ሰዓቷን አየች። ክሩን ያሰሩላቸው ጫማ ጠባቂው ነበሩ።

ካቴድራሉ ውስጥ ባለ ቀለም መስታወቶቹንና ከዝግባ የተሠራውን መንበር አሳየቻቸው፤ ዐሥር ደቂቃ ለግላችሁ ብላ ለቀቀቻቸውና ወደ ውጭ ወጣች። ዐሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ቆጠረች። ዐሥር ሰው። አንድ ጎደለ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ብላ ማየት አላስፈለጋትም፤ እያጉረመረመች ተመልሳ ገባች።

ሽማግሌው በቀኝ በኩል ካሉት አግዳሚዎች የፊተኛው ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸው ከጎናቸው ነው። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ያሸለባቸው መሰላት። ሁለት ጊዜ ጠራቻቸው። ሦስተኛውን ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ጠራች፤ ያን ጊዜ ገላቸው ወደ ጎን ቀስ ብሎ ዘመመ፤ በክንዷ ደገፈቻቸው።

እንዴት እንደጮኸች አታስታውስም። የካቴድራሉ ጠባቂ መጥረጊያቸውን ጥለው ሮጠው መጡ። ቀጥሎ ሾፌሩ ደረሰ፤ አንገታቸውን ዳሰሰ፣ አንጓቸውን ያዘ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሽማግሌውን አግዳሚው ላይ አስተኟቸው። በደረት ኪሳቸው አሮጌ ስልክ ተገኘ። ውስጡ ከተመዘገቡት ጥቂት ቁጥሮች አንዱ «ልጄ» ይላል።

አስጎብኚዋ ደወለች። ያነሣችው ሴት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከኋላዋ የደንበኞች ድምፅ ይሰማል። አባቴ ጡረታ ቢሮ ነው የሄደው፣ ተሳስተሽ ይሆናል አለች። አስጎብኚዋ ስለ ግራጫው ልብስና ስለ ባርኔጣው ስትነግራት ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነ። ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀች። 

«እኛ አጠገባቸው ነን» አለቻት። «ቶሎ ነይ።»

ስልኩን እንደዘጋች የራሷ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው፤ ከመንገደኞቹ አንዱ ደውሎለታል። አዝኗል፣ ማዘኑም የውነት ነበር። ግን ዐሥሩ ሰዎች ኮረብታውን ሳያዩ ሊመለሱ አይችሉም፤ ከእነሱ መካከል ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ያላቸው አሉ፤ አምቡላንስ ተጠርቷል፤ ጠባቂው እዚያው ናቸው፤ አንቺ ለሞተ ሰው ምን ታደርጊለታለሽ አላት። ሾፌሩ እኔ አልሄድም አለ። እሷ ናት የለመነችው። ከሥራ ያባርሩናል አለችው፤ ልጆች እንዳሉት አስታወሰችው። ሄዱ።

ኮረብታው ላይ ቆማ ሰሜኑን በዚህ፣ ወንዙን በዚያ እያለች ስታሳይ አፏ ያለ እሷ ይሠራ ነበር። ሲወርዱ በካቴድራሉ በኩል አለፉ። አምቡላንሱ ሽማግሌውንም ልጃቸውንም ይዞ ሄዷል። ከሐኪም ቤት የመጣው ወሬ ልባቸው በድንገት መቆሙን፣ ሥቃይም እንዳልነበረ የሚናገር ነበር። አለቃዋ የሁለት ቀን ዕረፍት ሰጣት። አንዱን ቀን ተኝታ አሳለፈች፤ ሁለተኛውን መተኛት አቃታት።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ የሽማግሌው ልጅ ቲኬት መሸጫው ጋ መጣች። ጥቁር ሻርፕ አድርጋለች፤ ዕድሜዋ ከአስጎብኚዋ ብዙ አይርቅም። አስጎብኚዋ ገና ከሩቅ ስታያት ማን እንደሆነች ገባት፤ ስድብም ይሁን ክስ ለመቀበል ራሷን አዘጋጅታ ቀረበች።

ሴትዮዋ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «አባቴ ለምን እዚህ እንደመጣ አላውቅም» አለች። «የነገረኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ያሳየሽውን ሁሉ አሳዪኝ።»

አስጎብኚዋ እሺ አለች። ከመንገደኛ ጋር ሳይሆን ለብቻዋ፣ በሚመጣው ሰኞ፣ የዕረፍት ቀኗ በሆነው ዕለት ልታሳያት ቀጠረቻት። ሾፌሩም ሰምቶ ካልመጣሁ አለ። መኪና ፍለጋ አይደክማችሁ፣ ቦታዎቹ በሙሉ ያሉት ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው ብሎ ነገራቸው። ይህን የሚያውቅበት ምክንያት ነበረው። በልጅነቱ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበር፤ ሾፌሩ ደግሞ እኚሁ ሽማግሌ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንኑ መስመር ነድተዋል። ሰው ሲወርድ በመስታወት እያዩ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስለሚሉ ሕዝቡ ስማቸውን በዚያ ለወጠው፤ በኋላ የሥራ ባልደረቦቻቸውም በሌላ አይጠሯቸውም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ዘጠኝ ቁጥር ላይ ተሳፈሩ።

ባቡር ጣቢያው ጋ ሲወርዱ አስጎብኚዋ ከልማድ የተነሣ ጣቢያው የተሠራበትን ዓመት ጀመረች። ልጅየዋ በእጇ አስቆመቻት።

«እሱን ተዪው። አባቴ የት ጋ ቆመ?»

አስጎብኚዋ ዙሪያዋን አየች። ትልቁን ሰዓት፣ የቲኬት መስኮቶቹን፣ ዝገት የበላቸውን ሐዲዶች። ያን ዕለት እዚህ ምን እንዳለች ቃል በቃል ታስታውሳለች፤ ሽማግሌው የት እንደቆሙ ግን ከፊቷ ድቅን አላለም። አላየሁም አለች። ሐውልቱም ጋ እንዲሁ ሆነ። ከኋላ ነበሩ፣ ከኋላ ነበሩ ከማለት በቀር የምትጨምረው አጣች። ሾፌሩ ከመሪው ላይ ሆኖ ያየውን እያዋጣ አገዛት፦ እዚህ ጋ መነጽራቸውን አውጥተው የተጻፈውን አነበቡ፣ እዚያ ጋ ለአንዲት የውጭ አገር ሴት ጥላ ያዙላት። ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ዝግ ስለሆነ በአጥሩ ብቻ አዩት። ልጅየዋ ብረቱን ይዛ ግቢውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። አስጎብኚዋን አንድም ጊዜ አልወቀሰቻትም፤ ይኼ ከወቀሳ የባሰ ከበዳት።

በመንገድ ላይ ልጅየዋ ስለ ቤታቸው ጥቂት ነገረቻቸው። ለወላጆቿ አንድ ናት። እናቷ ካረፈች ገና ዓመቷ ነው። እቤታቸው ጸሎት የሚባል አልነበረም፤ ማታም፣ ማዕድ ላይም፣ በበዓልም። አክስትም አጎትም አይመጣም፤ ለምን ብላ ስትጠይቅ ሩቅ ናቸው ይሏታል። በኋላ ስታድግ ወላጆቿ በምንም የማያምኑ ሰዎች ናቸው ብላ ደመደመች፤ በዚያም ትኮራ ነበር። አባቷ ሲሞቱ አይታቸው የማታውቅ የአባቷ ወንድም ከየት ሰማ ሳይባል መጣና ቄስ ላምጣ አለ። አባቴ ሃይማኖት አልነበረውም ብላ መለሰችው። በማዘጋጃ ቤቱ መቃብር፣ ከእናቷ ጎን፣ ያለ አንድ ቃል ቀበረቻቸው።

መስጊዱ በር ላይ ጫማ ጠባቂው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። አስጎብኚዋ ሽማግሌውን ያስታውሷቸው እንደሆነ ጠየቀች። አዛውንቱ ልጅየዋን አዩ፣ ሻርፑን አዩ፣ ነገሩን ተረዱት። ከበርጩማው ተነሥተው ለእሷ ለቀቁላት፤ እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ሽማግሌው ያን ዕለት የነገሯቸውን ነገሯት። «ባለቤቴ የዚህ ቤት ልጅ ነበረች» ነበር ያሏቸው። እሳቸው ደግሞ የወዲያኛው፣ የካቴድራሉ ልጅ። ሲጋቡ የሁለቱም ወገን በሩን ዘጋባቸው። እሷን የእምነትሽ ከዳተኛ፣ እሱን የእምነትህ ከዳተኛ አሏቸው። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ፤ ምስክር ሆነው የፈረሙላቸው እዚያው ያገኟቸው ሁለት የጽሕፈት ሠራተኞች ናቸው። ያን ዕለት ማታ ባልና ሚስቱ ተማማሉ። እሱ ያለ እሷ ቤተ ክርስቲያን ላይገባ፣ እሷ ያለ እሱ መስጊድ ላትገባ። አንዱ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሌላውን ደጅ እንዳያስቀረው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቃላቸውን ጠበቁ።

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ልጅ ሳለ ዘጠኝ ቁጥር መስጊዱ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ እንደ ኤሊ እንደሚሄድ፣ ተሳፋሪው እንደሚያጉረመርም፣ እሱም ሞተሩ የደከመ ይመስለው እንደነበር ነገራቸው። ዓርብ ዓርብ አንዲት ሴት ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዳ ሳትወርድ ትመለሳለች። የጋሼ ባለቤት መሆኗን ያውቅ ነበር። ለሽርሽር ይመስለው ነበር።

«ከዚያስ?» አለች ልጅየዋ። «ውስጥ ገብቶ ምን አለ?»

«ጠየቁኝ» አሉ ጫማ ጠባቂው። «እሷ ሞታለች፤ መሐላው ከእኔ ወርዷል ወይስ አልወረደም አሉኝ። እኔ ጫማ ጠባቂ ነኝ ልጄ፣ ይኼን የሚመልስ ሊቅ አይደለሁም። አንዴ ገብተዋልና አረፍ ይበሉ አልኳቸው። ቁጭ አሉ። ስሟን ጠሩ። ‹ይኸው ገባሁልሽ፣ አንቺ እንዳየሽው ቁጠሪው› አሉ። ሌላም ሊሉ ነበር መሰለኝ…»

ዓይናቸው ወደ አስጎብኚዋ ሄደና ተመለሰ። አስጎብኚዋ ቀሪውን ራሷ ጨረሰችው። ገብቼ ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ፣ ጊዜ የለንም ብዬ አለች። ልጅየዋ ቀና ብላ አላየቻትም። ጫማዋን አውልቃ፣ ሻርፑን ጸጉሯ ላይ አስተካክላ ብቻዋን ገባች። እስክትወጣ ድረስ ሦስቱ ደጅ ቆመው ጠበቋት፤ ማንም ሰዓት አላየም።

ካቴድራሉ ሲደርሱ ቀትር ሆኗል፤ ውስጡ ባዶ ነው። አስጎብኚዋ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ወሰደቻት። ይኼን ቦታ ታውቀዋለች፤ በየሌሊቱ በሐሳቧ ትመጣበታለች። ልጅየዋ እንጨቱን በመዳፏ ዳበሰች።

«ብቻውን ነበር?»

አስጎብኚዋ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ስታዘጋጅ ሰንብታለች። አልነበሩም፣ እኔ እጃቸውን ይዤ ነበር ልትላት ትችላለች። የሚያጋልጣት የለም። ሾፌሩም ውጭ ነበር። ለልጅየዋም ዕረፍት ይሰጣት ይሆናል። ቃሉ ከከንፈሯ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«ብቻቸውን ነበሩ» አለች። «እኔ ውጭ ሰው እየቆጠርኩ ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ? ስልክ ላይ አጠገባቸው ነን ብለሽኝ ነበር።»

«ስነግርሽ አጠገባቸው ነበርኩ። ከዚያ ግን ትቻቸው ሄድኩ። ሰዎቹን ኮረብታ ላሳይ።»

ልጅየዋ እጇን ከእንጨቱ አነሣች። «ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለሾፌሩ ‹ግዴለም፣ ሰው አጠገቡ አለ› እያልኩት ነበር» አለች። «እሱን እየደጋገምኩ ነው የደረስኩት።» ጀርባዋን ሰጠቻትና አባቷ ከነበሩበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። አስጎብኚዋ ወደ ኋላ፣ እስከ በሩ ድረስ ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አለቀሰች፤ ሾፌሩም አጠገቧ ቆመ። 

ጠባቂው ከመንበሩ በስተጀርባ ወጡ። ልጅየዋን አስታውሰዋታል፤ እሷ ግን አላስታወሰቻቸውም፤ የዚያን ቀን ማንንም አላየችም ነበር። ቀረብ ብለው ቆሙና እኔ ነበርኩ አሏት። አምቡላንሱ እስኪመጣ፣ እሷም እስክትደርስ አርባ ደቂቃ ያህል አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። የድንጋይ ቤቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ኮታቸውን አውልቀው አለበሷቸው። ለሞተ ሰው ብርድ ምኑ ነው ብለው ራሳቸውን ታዝበው ነበር፤ ግን ዝም ብለው ማየት አልቻሉም።

ከመሞታቸው በፊትም አነጋግረዋቸዋል። ሽማግሌው ሲገቡ በሥርዓት አማተቡ፤ ልጅ ሆነው የተማሩት መሆኑ ያስታውቃል። ከዚያ ጋብቻ የሚፈጸመው የት ጋ ነው ብለው ጠየቁ። ጠባቂው ሙሽሮች የሚቆሙበትን ምንጣፍ፣ ከመቆማቸው በፊት የሚቀመጡበትን የቀኙን አግዳሚ አሳዩአቸው። ሽማግሌው አመስግነው አግዳሚው ጫፍ ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ከጎናቸው፣ የሙሽሪት ቦታ ላይ አኖሩ። ጠባቂው የልጅ ሰርግ ያለባቸው መስሏቸው እንኳን ደስ ያለዎ ብለው ወደ መጥረጋቸው ተመለሱ። ሽማግሌውም አሜን አሉ።

ልጅየዋ ይህን ስትሰማ ነው ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ እንደነበር በኋላ ነገረቻቸው።

ያን ቀን ስትለያቸው ሾፌሩን ሳመችው፤ አስጎብኚዋን ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ ብቻ ተሰናበተቻት።

አስጎብኚዋ በማግስቱ አለቃዋ ቢሮ ገብታ በመስጊዱና በካቴድራሉ የሚሰጠው ጊዜ በእጥፍ እንዲጨምር ጠየቀች። ኮረብታውስ አላት። ኮረብታው ከመንገድም ይታያል አለችው። ተከራከሩ፤ ግማሹን ፈቀደላት። እሷ ግን ግማሹን ሙሉ አድርጋ ትጠቀምበት ጀመር። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ደግሞም መንገደኞቹን ከበር ላይ መቁጠር ተወች፤ ከኋላቸው ትሄዳለች፤ ማን ምን ላይ እንደቆመ ታያለች። ሾፌሩ አሁን ስትዘገይ መሪው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ያነባል።

በሁለተኛው ወር ልጅየዋ ለሾፌሩ ደወለች። የመቃብሩ ድንጋይ ተቀርጾ አልቋል፤ የሁለቱም ስም በአንድ ድንጋይ ላይ ነው። እሑድ ከሰዓት እንዲመጡ ትፈልጋለች። «እሷንም ይዘህ ና» አለችው።

ማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ከከተማው ዳር፣ ነፋስ የማይለየው ሜዳ ላይ ነው። ጫማ ጠባቂው በነጭ ልብስ መጥተዋል። የካቴድራሉ ጠባቂ ሊመጡ ቃል ገብተው ነበር፤ ግን ያን ዕለት ሦስት ሰርግ ስለነበረ አልተለቀቁም። ቄስ ለመለመንም ጊዜው አልፏል። ጫማ ጠባቂው ወደ ድንጋዩ ቀርበው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ለእናትየው ጸለዩ። ሲጨርሱ ልጅየዋ ለአባቴም ይበሉለት አለቻቸው። አዛውንቱ አሰቡ። አባትሽ የራሳቸው ቤት አላቸው፣ በራሳቸው ቤት ቃል ቢሸኙ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ቆሜ አሜን እላለሁ አሉ።

ሁሉም ሾፌሩን አዩ። ሾፌሩ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነው፤ ግን ኋላ ቆሞ መስማት እንጂ በሰው ፊት ጸልዮ አያውቅም። ኮፍያውን አውልቆ ጀመረ። መሐል ላይ ቃሉ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ሲደርስ እንደገና ጠፋበት። ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ኮፍያውን እያሻሸ በራሱ አፍ ተናገረ።

«ጌታ ሆይ፣ እኚህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ከሚፈልግበት ሲያደርሱ ኖረዋል። አንድም ቀን ሰው ጥለው ሲሄዱ አላየሁም። አንተም አትጣላቸው።»

ጫማ ጠባቂው አሜን አሉ። አስጎብኚዋም አሜን ልትል አፏን ከፈተች፤ ሰው ጥለው የሚለው ቃል ግን አስቆማት።

ሲመለሱ አዛውንቱና ሾፌሩ ቀድመው እያወጉ ሄዱ። ሁለቱ ሴቶች ፌርማታው ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ተቀመጡ። አስጎብኚዋ ከመቃብሩ ጀምሮ ስታወጣ ስታወርደው የመጣችውን ተናገረች። ይቅር በይኝ ልልሽ መጥቼ ነበር፣ ግን ይቅርታ የሚጠየቁት አባትሽ ስለሆኑ እንዴት እንደምልሽ አላውቅም አለቻት።

 ልጅየዋ መንገዱን እያየች ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

«ከመሞቱ በፊት በነበረው እሑድ ምሳ አብረን በላን። ‹ማክሰኞ ሥራ አለሽ ወይ?› አለኝ። አለኝ አልኩት። ‹ፈቃድ አይሰጡሽም?› አለ። አይሰጡኝም አልኩት። ቢሰጡኝስ፤ ጠይቄ መቼ አወቅኩ። ያን ጊዜ ነው ጡረታ ቢሮ ጉዳይ አለኝ ያለኝ። ለምን ፈለግኸኝ ብዬ አልጠየቅኩትም። ስልኬን እያየሁ ነበር።»

አስጎብኚዋ ወደ እሷ ጠጋ ብላ ተቀመጠች። አውቶቡሱ መጥቶ ሞልቶ ስለነበር ሳይቆም አለፈ። ቀጣዩን ጠበቁ። ነፋሱ አቧራውን ሲያነሣው ልጅየዋ የሻርፏን አንድ ጫፍ ዘርግታ ለአስጎብኚዋም ፊት ከለለችላት፤ እስኪያልፍ ድረስ እንደያዘችው ቆየች።